የአንድና የዜሮ ደብተር

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ባለው ቤታችን ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ በጠመኔ አንድና ዜሮ ሲደረድር ያ ቀን መጣብኝ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው ወንድሜ ሰይድ ሽምብራ ዘርግቶ ያስቆጥረኝ ነበር። «እስኪያልቅ ለሁለት ክፈይው። በከፈልሽ ቁጥር አንድ ከተረፈ አንድ፣ ካልተረፈ ዜሮ ጻፊ። ከዚያ አንዶቹን ቁጠሪ።» ሰባት ላይ ሦስት አንድ አገኘሁ፤ ስምንት ላይ አንድ ብቻ። «አየሽ፣ ያደገ ሁሉ አይበዛም» አለኝ። አልገባኝም።

የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ለፍተሻ ገብተው አንድና ዜሮ የሞላበትን ደብተሬን አነሱ።

«ይሄ የማን ምስጢር ነው?»

«የእህቴ የቁጥር ጨዋታ ነው፤ እሷን ጠይቋት» አለ ሰይድ።

«ወላሂ የልጅ ነገር ነው!» አለች እናቴ።

«አንቺ፣ ተናገሪ!» አለ አንዱ ጠባቂ ወደ እኔ ዞሮ።

ማስረዳት እችል ነበር። ግን አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ሰይድን ይዘውት ሲወጡ ከበሩ ዞሮ «አብሽሪ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ቀበሌ ሄጄ ሁሉንም ሳልንተባተብ አስረዳሁ። ጠባቂው ሳቀብኝ። «ትናንት ዲዳ አልነበርሽም እንዴ? በይ ኮምቦልቻ እስር ቤት ወርደሽ ንገሪያቸው፤ ማለዳ ወስደውታል።»

ቤት ተመልሼ ለእናቴ ቀበሌው ዝግ ነው አልኳት።