የአባባ ጥቁር ውሃ

ተመረጠልኝ! የቀለም ውሃን በፀሐይ የማጥራት ሙከራዬ ቅዳሜ በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ትርኢት ላይ ይቀርባል። ደስታዬ ልክ የለውም፤ ግን በየሰዓቱ ወጥቼ ደመናውን አያለሁ።

አያቴ፣ አባባ፣ ጎጃም በረንዳ ጀርባ የሐዘንተኛ ልብስ ጥቁር እየነከሩ ኖሩ። የተረፈውን ውሃ ቦይ ውስጥ ከመድፋታቸው በፊት ሁሌ ወደ ቁልቁለቱ አንገታቸውን አስግገው፣ «ከታች ሰው አለ!» ብለው ይጮኹ ነበር።

ጎረቤታችን፣ «ጋሼ፣ ለአይጦቹ ነው የሚለፍፉት?» ይላቸዋል።

«አንተ ሳቅ! እዚያ ልጆች ይጫወታሉ።»

መድፊያ ሌላ ቦታ አልነበራቸውም፤ እየተጨነቁ ይደፉታል።

አባባ ሲሞቱ እናቴ የእኛን ልብስ በእሳቸው በርሜል ነከረች። ውሃውን ልትደፋ ስትል ሳላስበው፣ «ከታች ሰው አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ባልዲውን አስቀምጣ አለቀሰች።

ያንን ውሃ በጀሪካን ለመምህራችን ወሰድኩለት። ፀሐይ ስታገኘው ቀለም የሚሰባብር ነጭ ዱቄት ከውሃው ከጥቂቱ ጋር ቀላቅለን ጠርሙሱን ጣራ ላይ አስቀመጥነው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ያ ጥቁር ውሃ ቀጠን ያለ ሻይ መሰለ! ሌላ ቀን ግን ደመና ነበርና ምንም አልተለወጠም።

አሁን የቀረኝ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። እሱ ካለቀ የአባባ ውሃ የለም። በርሜላቸው ደጃችን ላይ ባዶውን ተደፍቷል፤ ቦዩ ጫፍ ቆሞ የሚጮኽም የለም።

እባካችሁ ቅዳሜ ኑ። ፀሐይ ካለች ውሃው ሲጠራ ታያላችሁ፤ ከሌለችም አብረን እንጠብቃት። ከታች ሰው አለ።