የአክስቴ ሁለት ስም

አክስቴ በአውሮፕላን ሊሄዱ የተነሡት የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲነሣ ለማየት ነበር። ልጃቸው አዲስ አበባ ወንድ ልጅ ተገላግላ አርባ ቀኑ እሑድ ይሞላል። ወገባቸው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ስለማይችል ልጅቷ የዓርብ ቲኬት ቆርጣላቸው ነበር። የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ደባርቅ ውስጥ አንድ ቀበሌ የመታወቂያ ሠራተኛ ስለሆንኩ ለዚያ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ከደባርቅ ተነሥተን ወደ ኤርፖርቱ ስንሄድ ዳባትን በማለዳ አለፍን። ኤርፖርቱ ትንሽ ነው፤ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ሚዛን፣ ከመስታወቱ ማዶ አንዲት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው መታወቂያቸውን ሰጡ። ሠራተኛዋ መታወቂያውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ መልሳ መታወቂያውን አየች።

«ስሙ አይገጥምም።»

ልጃቸው ቲኬቱን የቆረጠችው በክርስትና ስማቸው ነው። ከተወለዱበት ከበየዳ ጀምሮ ዘመዱ ሁሉ የሚጠራቸው በእሱ ነው። መታወቂያው ላይ ያለው ግን የዓለም ስማቸው ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ያኔ «ሁለቱንም አስገባልኝ» ቢሉኝ «አይቻልም፤ መታወቂያ የሚይዘው አንድ ስም ነው» ብያቸዋለሁ።

«እህቴ፣ እኔ የቀበሌው ሠራተኛ ነኝ። ሁለቱም የእሳቸው ስም ነው» አልኳት።

«ደብዳቤ አለዎት?»

ቢሮዬ ደወልኩና ባልደረባዬን፣ አንድ መስመር ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ በስልክ ፎቶውን እንዲልክልኝ ለመንኩት።

«ባለጉዳይዋ በአካል ይቅረቡ።»

«ሰውዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። አንተም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለኝ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። እውነቱን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። በዚያው ቃል ስንቱን አዛውንት ከመስኮቴ እንደመለስኩ አላውቅም።

አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ምን አሉ?» አሉኝ።

«ስምዎ አልተስማማም አሉ።»

«ከማን ጋር?»

አውሮፕላኗ ተንደርድራ ተነሣች፤ እስክትጠፋ ድረስ በመስታወቱ ተመለከቷት። «ክርስትና ያነሡኝ ቄስ በሕይወት ቢኖሩ ይመሰክሩልኝ ነበር» አሉ፤ ለእኔም አልነበረም የሚናገሩት።

ወገባቸውን ይዘው ደባርቅ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በር ላይ ከባለጉዳዮች ጋር ተሰለፉ። ባልደረባዬ ደብዳቤውን ወዲያው ጻፈ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም። በአውሮፕላን ባዶ ወንበር የተገኘው ግን ለማክሰኞ ነበር።

እሑድ ክርስትናውን እኔ ቤት ሆነው በስልክ ሰሙት። የሕፃኑ ለቅሶ መጣ፣ የቄሱ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

«ተወው ልጄ፤ ማን ብለው እንደሰየሙት ብቻ ኋላ ጠይቅልኝ» አሉ።

ማክሰኞ በመታወቂያው ስም በተቆረጠ ሌላ ቲኬት ሄዱ። ደብዳቤውን የጠየቀን የለም። ከተመለሱ ወዲህ ስለ ጉዞው ሳነሣባቸው «ደህና ነው» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።