ሸክላ ሠሪዋ ያደረችበት ቤት

ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል በተዳርኩ በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ከባድ ሆነ። ያደግሁት ጣራ ገዳም አጠገብ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ እዚያ ዝናቡ ቁልቁል ወርዶ ይሄዳል እንጂ ደጅ አይተኛም። ፎገራ ግን ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ያኔ ሩዝ የሚባል አናውቅም ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ እስከዚያው መጠበቅ ነው። ወንዶቹ ከብቱን እየነዱ ወደ ከፍታው ይወጣሉ። ባሌም እናቱን አስከትሎ ሄደ። «ቤት ጠብቂ» አለኝ።

ከጎረቤት የሚያገናኘኝን መንገድ ውኃ ያዘው። ጭሳቸውን ከሩቅ አያለሁ፣ ፊታቸውን ግን አላይም። ማውራት እንዳይጠፋኝ ከዶሮዎቹ ጋር አወራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በእኛ አገር ሰው ደጅ ቆሞ የሚጣራው እንዲህ ነው፤ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ቢሆንም በብዙ ነው የሚጠራው። ከከረምኩበት ብቸኝነት የተነሳ ጥሪው ለእኔ አልመሰለኝም። ስትደግመው ወጣሁ።

በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች፣ ሁለት እንስራ በገመድ አስራ አዝላለች። አወቅኋት። ወረታ ገበያ ዳር ላይ ሸክላ የምትሸጠው ናት። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ገበሬ ቤት አይገቡም ነበር፤ ቡዳ ናቸው፣ በዐይናቸው ሰው ይበላሉ ይባላል። የሠሩትን እንገዛለን፣ እነሱን ግን ከአጥር ወዲህ አናሳልፍም።

«እመቤቴ፣ ውኃው መንገድ ቆረጠብኝ። ከበረቱ ጥግ ልጠለል?» አለችኝ።

የበረቱ ጣራ ያፈሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ መጣብኝና ፈራሁ። ሄዳ እንደገና ብቻዬን መቅረቴን ግን የበለጠ ፈራሁት።

«ግቢ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ወደ ቤት ነዋ!»

እግሯን ደጅ በተኛው ውኃ ታጥባ ገባችና በሩ ሥር ተቀመጠች። የምትበላበትን ዕቃ ለየሁላት፤ ለምዳዋለችና ቅር አላላትም። በማግስቱ ጎታችን ከሥሩ ተሰንጥቆ እህሉ እርጥበት እየገባበት መሆኑን አየች። ጭቃና ጭድ አቡክታ ቀኑን ሙሉ ስትደፍን ዋለች። እየሠራች ስለ ሴት ልጇ አጫወተችኝ፤ በንዳድ ሞታባት ነበር፣ በእኔ ዕድሜ። በሦስተኛው ቀን እኔ «እርስዎ» ስላት፣ እሷ «ልጄ» ስትለኝ፣ ከአንድ ገበታ ስንበላ ራሴን አገኘሁት። መቼ እንደተለወጥን አላስተዋልኩም።

በአራተኛው ቀን ውኃው ጎደለና ሄደች። አንዱን እንስራ ትታልኝ ሄደች።

ባሌና አማቴ በጥቅምት ተመለሱ። ጎረቤት ሴትዮዋን ከሩቅ አይቷት ኖሮ ቀድሞ ነግሯቸዋል።

«ቡዳ አሳደርሽብኝ?» አሉኝ አማቴ።

«ምን አደረገችኝ እማማ? ይኸው አለሁ። ጎታውንም ይዩት።»

ባሌ እንስራውን አወጣና ከአጥሩ ውጭ ሰበረው። ከዚያ ጠበል እንዲረጩ የነፍስ አባታችንን ጠራ።

ቄሱ ሲመጡ ብቻቸውን የማናግርበት ጊዜ አገኘሁ። «አባ፣ ሰው በማሳደሬ በድያለሁ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቤት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? በግእዝ ‹ቤተ› ማለት አደረ ማለት ነው። ቤት ማደሪያ ነው። ቤተሰብ የምንለውም ከዚያው ነው፣ ሰብእ ሰው ነውና። ሰው ያላደረበት ግድግዳና ክዳን ነው እንጂ ቤት አይባልም።»

«እንግዲያስ አልበደልኩም?»

አማቴ በበሩ ሲገቡ ቄሱ አዩ። «እኔ የነገርኩሽ የቃሉን ፍቺ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ተነሡና ሸክላ ሠሪዋ የተቀመጠችበትን፣ የደፈነችውን ጎታ ሳይቀር፣ ጠበል ረጩት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቃሉን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ግን ያን ቀን ከአማቴ ይልቅ በእሳቸው አዘንኩ።

በኅዳር ወረታ ገበያ ወጣሁና ሸክላ ሠሪዋን ከቦታዋ አገኘኋት። «እንደምን ሰነበቱ?» አልኳት። ከጎኔ የቆሙትን የሰፈሬን ሴቶች አየች፤ ዐይኗን ወደ ሸክላዎቹ መለሰች። «እመቤቴ ማሰሮ ነው የፈለጉት?» አለችኝ። ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ። ቢገባኝም አለቀስኩ፤ ሴቶቹ እንዳያዩኝ ነጠላዬን ተከናነብኩ።

በሚቀጥለው ክረምት አማቴ ከብቱን ተከትለው አልወጡም፤ እኔን ሊጠብቁ ቀሩ። እርሳቸው በአንዱ ጥግ፣ እኔ በሌላው ጥግ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጥጥ ስንፈትል ከረምን። ስለ ጨውና ስለ እንጨት ካልሆነ በቀር የተነጋገርነው ትዝ አይለኝም።