«የለም» ብዬ የጻፍኩት

የዚያን ቀን በወንድሜ ግቢ ሰባት ነበርን። ከአዲስ አበባ የመጣው ሐኪም ዋንዛው ሥር፣ ከቤት የወጣች ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። ነርሷ ከጎኑ ቆማ የበረዶ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ወንድሜ የግቢው በር ላይ፣ አንድ እጁን አጥሩ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ሚስቱ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ናት፤ ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ልጃቸው ከሐኪሙ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዷን ዘርግታለች። ይህችን ልጅ ለልጇ ያጨችው ሴትዮ ከአጥሩ ጥግ አግዳሚ ላይ ናት። እኔ ከሐኪሙ ኋላ፣ ወረቀት የሚይዝ ሰሌዳና እስክሪብቶ ይዤ ቆሜአለሁ። ከእኛ ባሻገር፣ ከግቢው ግማሽ የሚበልጠውን ቦታ ይዞ፣ በርበሬው በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር።

እዚያ እንዴት እንደቆምኩ ልናገር። ቡታጅራ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልልና ዞን የሚባለው ሲዋቀር ሠራተኛ ተቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። ሁለት ዓመት እቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ስለ አስምና ስለ አለርጂ የሚያጠና ቡድን መጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ አማርኛና የአካባቢውን ጉራጊኛ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። በመጀመሪያ ወጣቶች ላኩ። እናቶች ግን የማያውቁት ጎረምሳ ሴት ልጃቸውን ስለ ደረቷ እንዲጠይቅ አልወደዱም። ስለዚህ እኔ ተጠራሁ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር፤ ሲናገር እጆቹ አያርፉም። ከሥራው በፊት ጥናቱ ስለምን እንደሆነ አስረዳን። አስም በከተማ እየበዛ ነው፤ ሣር ቤት ውስጥ ከከብት ጋር ያደገ የገጠር ልጅን ግን ብዙ አይዘውም ይባላል። ምክንያቱን ማንም አላረጋገጠም። አንዱ ሐሳብ፣ ሰውነታችን በተፈጥሮው ጠላት የሚጠብቅ ዘበኛ አለው፤ የገጠሩ ልጅ ዘበኛ ከሆድ ትልና ከጀርም ጋር ሲታገል ይውላል፤ የከተማው ዘበኛ ግን የሚታገለው ሲያጣ አቧራው ላይ ይነሣል የሚል ነበር። እኔ ብዙ ዓመት የሰው ካርድ ከመደርደሪያ አውጥቼ ስመልስ፣ ሰው ለምን እንደሚታመም እንዲህ ያስረዳኝ አልነበረም። ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የእግር ሥራ ብቻ ነው። ጠዋት ወጥቼ ከቤት ቤት እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ይዤ እመለሳለሁ። ጥያቄው አንድ ነው። «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ደረቱ ሲር ሲር ብሎ ያውቃል?» ብዙዎቹ ስለማይገባቸው ድምፁን በጉሮሮዬ እየሠራሁ አሰማቸዋለሁ።

«ድመት ዋጥሽ እንዴ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

«እኔ ሳልሆን እርስዎ እንደዋጡ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔማ ከነግልገሎቿ ነው የዋጥኳት» ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «አለ» ብዬ ጻፍኩ።

ለወንድ ልጅ እናቶች ሳይደብቁ ይናገራሉ። ለትንንሽ ሴቶችም ይናገራሉ። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ላይ ስንደርስ ግን መልሱ «የለም» ነው። አንዳንዴ ልጅቷ ከጓዳ ስታስል እየሰማሁ «የለም» ይሉኛል። ቀና ብዬ ሳያቸው «እሱማ ብርድ ነው» ይላሉ። አስም በዘር ይሄዳል፣ ውኃ መቅዳት ያቅታታል፣ ልጇም እንደዚያው ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራ፣ አስም አለባት የተባለች ልጅ ቤት ሽማግሌ አይላክም። ይህን እኔም አውቃለሁ። የሥራ መመሪያችን የተመለሰውን ጻፉ ይላል። እኔም በመመሪያው ተደገፍኩና የተመለሰውን ጻፍኩ።

ወንድሜ ቤት ስደርስም እንደሌላው ቤት ጠየቅኩ። ሚስቱ ዓይን ዓይኔን እያየች «የለም» አለች። ልጅቷ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ በርበሬ በተለቀመ ቁጥር ጉልበቷን አቅፋ፣ ትከሻዋን ሰቅላ እንደምትቀመጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀለበት ታስሮላት ነበር፤ ሠርጉ ከአረፋ በኋላ ነው። የልጁ ቤተሰቦች በርበሬ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከተማ ውስጥ እስከ ጣሪያው የተሞላ መጋዘን አላቸው። ሙሽራዋ ከአማቷ ጋር እዚያ ተቀምጣ በርበሬ እንደምትቀነጥስ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሻይ አፈላችልኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

እናታችን የሞተችው በበርበሬ ወቅት ነው። እስከ መጨረሻው ብርድ ነው ስትለን ነበር። ከኋላዋ ደግፌ የያዝኳት እኔ ነበርኩ።

ጥቂት ወራት አለፉና ሐኪሙ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት በወረቀት ነው። በራሱ እጅ ሻይ ቀዳልኝ።

«እትዬ፣ የሚገርም ነገር አገኘን» አለኝ። «ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያሉት ሴቶች ልጆች ላይ አስም የለም ማለት ይቻላል። ወንድሞቻቸው ላይ አለ፣ ታናናሾቻቸው ላይ አለ፣ ሲያገቡ ደግሞ ይመጣል። እነዚህን ልጆች አንድ ነገር ይጠብቃቸዋል።»

«ምን ይሆን?» አልኩት።

«እሱን ነው የምንፈልገው። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው አይደል? በዚያ ዕድሜ ሥራውን በደንብ ይይዛሉ። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣ ነገር ይኖር ይሆናል። ውጭ አገር ላሉት አስተማሪዬ ጽፌላቸዋለሁ፤ በጣም ነው የተገረሙት።»

ሻዬን አማሰልኩ። «ሴት ልጅ እኮ ስለ በሽታዋ ብዙ አትናገርም» አልኩት።

«የተናገሩት እናቶቻቸው ናቸዋ፣ እትዬ።»

ደስታው እንዲሁ የሚያስፈራ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። የዚያን ቀን ብነግረው ኖሮ በዝግ ቢሮ ውስጥ፣ በሁለታችን መካከል ያልቅ ነበር። ሳልነግረው ወጣሁ።

በክንድ ላይ የሚደረግ ምርመራ ለማድረግ ከዝርዝሩ በዕጣ ሴቶች ልጆች ተመረጡ። የወንድሜ ልጅ ወጣች።

አማቷ የምትሆነው ሴትዮ ሳትጠራ የመጣችው ከአዲስ አበባ ሐኪም መጣ ሲባል የሚያማትን ጉልበቷን ልታሳየው ነው። ነርሷ የልጅቷን ክንድ በአልኮል ጠርጋ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ፣ ጠብታዎቹን በየምልክቱ ላይ ስታንጠባጥብ ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ? የበርበሬ ነው?»

«የበርበሬ የለንም፣ እማማ። ይሄ የአቧራ ተባይ፣ ይሄ የበረሮ፣ ይሄ የድመት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ድመት በጠብታ! ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብህ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድመት ስትጨምቅ! ለጉልበትስ?»

«ለጉልበት እንኳ ጠብታ የለንም።»

«እንግዲያ ሳጥንህን ዝጋ» አለችና ነርሷን ጭምር አሳቀቻት። ወንድሜም ከበሩ ሆኖ ሳቀ። የሚስቅበት ምክንያት ነበረው፤ ሴትዮዋ በቤቱ ተመችቷት ነበር።

ነርሷ በየጠብታው ላይ በትንሽ መርፌ ጫር ጫር አደረገች። ሩብ ሰዓት መጠበቅ አለብን። ልጅቷ ክንዷን እንደዘረጋች ተነሥታ የቤቱን ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። እናቷ ባዶ እጇን መቆም ስላልሆነላት ወደ ሰሌኑ ሄዳ በርበሬውን በእግሯ ታገላብጥ ጀመር። ነፋሱ ከዚያ ወደ እኛ ነበር። እኔ አነጠስኩ። ነርሷም አነጠሰች።

«ከተሜዎች!» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ይኸው ዕድሜዬን በርበሬ ስቀነጥስ አንድ ቀን አላነጠስኩም። ይህችን ልጅ እይዋት፣ አፍንጫዋ እንኳ አልተነካም።»

አየኋት። አፏን ገጥማለች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሏል፤ ሻርፗ አንገቷ ሥር ይርገበገባል። በአፍንጫዋ ብቻ፣ ድምፅ እንዳይወጣ አድርጋ ትተነፍሳለች።

ሐኪሙ ሰዓቱን አይቶ ጠራት። ክንዷ ላይ ሁለት ቦታ አብጦ ዙሪያው ቀልቷል። ማስመሪያውን አስጠግቶ ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ በርቷል።

«እትዬ፣ አዩ? ሰውነቷ ለአቧራው ይቆጣል። በዚህ መጠን የሚያብጥ ሰው አስም ቢኖርበት አይገርምም። ደረቷ ግን ንጹሕ ነው! ያልኩት ይሄን ነው። ይጠብቃታል።» ወደ ልጅቷ ዞሮ «ትንፋሽ የሚያጥርሽ ነገር የለም አይደል?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። መናገር አልቻለችም። ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋለች፤ እንዳልናገር እየለመነችኝ እንደሆነ ገባኝ።

«የለም ዶክተር» አለች እናቷ ከበርበሬው መካከል። «ተጽፏል እኮ።»

«ተጽፏል አይደል?» አለኝ ሐኪሙ።

የልጅቷ ከንፈር አመድ መስሎ ነበር። የእናታችንም በመጨረሻዋ ቀን እንደዚሁ ነበር።

«ደረቷን ያዳምጡ፣ ዶክተር» አልኩት።

«ምን?»

«ደረቷን ያዳምጡ።»

ማዳመጫውን ከቦርሳው አውጥቶ ጀርባዋ ላይ አደረገ። እዚህ አዳመጠ፣ እዚያ አዳመጠ። ትንፋሽ ሳቢ ሲላት የቋጠረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣና ሲርታውን ያለ ማዳመጫ ሰማነው፤ ከበሩ ድረስ ይሰማል። ነርሷ ሳትታዘዝ የመድኃኒቱን ቦርሳ ከፈተች። በርጩማው ላይ አስቀመጧትና መርፌ ወጓት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ ሐኪሙ።

«ከስምንት ዓመቷ» አልኩ።

«ወረቀቱ ላይ ግን...»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የያዝኩትን ሰሌዳ አየ። «የሌሎቹስ ልጆች?»

«የብዙዎቹም እንደዚሁ ነው። ለማግባት የደረሱ ስለሆኑ ነው የለም የሚባለው። ሲያገቡ ይነገራል።»

«ታዲያ እንሰቱ...» አለና አቆመ።

«እንሰቱ ምንም የለበትም፣ ዶክተር።»

ሴትዮዋ ተነሣች። ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ነበር የተነሣችው። አሁን የሚያስቅ ነገር አልተናገረችም። ልጅቷን ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ክፉ አስተያየት አልነበረም። ከዚያ በወንድሜ በኩል ስታልፍ «መጋዘኑ ውስጥ ትሞትብኝ ነበር እኮ» አለችው። «ቀለበቱን ከሰው ጋር ላኩት።» ወንድሜ ወደ መሬት አየ።

የወንድሜ ሚስት ከሰሌኑ ላይ ወረደች። በእግር ጣቶቿ መካከል የበርበሬ ፍሬ ተጣብቋል።

«የገዛ ሥጋሽ አይደለችም?» አለችኝ። «ሌላው ቤት ስትዘጊ የኖርሽውን እኛ ቤት ስትደርሺ ነው የምትከፍቺው?»

የተናገረችው እውነት ነበር።

መርፌው ሠራ። የልጅቷ ትከሻ በጥቂት በጥቂቱ ወረደ፤ የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ። ሐኪሙ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት ከቦርሳው አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ከበርጩማው ፊት ተንበርክኮ እንዴት እንደሚያዝ አሳያት። የመጀመሪያው ዝም ብሎ አየር ላይ ባከነ። በሁለተኛው ስባ ያዘችው። እስከ አሥር እንድትቆጥር ነገራት፤ በጣቷ ጉልበቷ ላይ እየመታች ቆጠረች። እናቷ መጥታ ከኋላዋ ቆመችና ሻርፗን አስተካከለችላት። ልጅቷ መድኃኒቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እትዬ» አለ ወንድሜ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ዛሬ ይበቃናል።»

ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሐኪሙ ማስመሪያ አጠገብ አስቀመጥኩ። እስክሪብቶውንም ከላዩ አደረግኩ። ጃንጥላዬን ከዋንዛው ሥር አነሣሁ። ወንድሜ ከበሩ ፈቀቅ አለልኝ፤ ወጣሁ።