ጥልፌ አብሮት የተቀበረው ሰው

ወሬው የደረሰኝ ሰበታ ታክሲ ተራ ሰልፍ ይዤ ነው። ዘንድሮ በፍልሰታ፣ ጠበል ተጠምቄ ቡራዩ ወዳለችው የኪራይ ቤቴ ልመለስ ስል ጎረቤቴ አስቴር ደወለች።

“እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ጨርቅሽን ለቀብር ወስደነዋል።”

“የቱን ጨርቅ?”

“ያን ግቢውን የሞላውን ነዋ!”

ሰልፉ አልፎኝ ሄደ። ያች ሰዓት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣችም።

አገሬ ወሎ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። ከሥራ ስመለስ ልብስ ሰፊዎች የጣሉትን ቁርጥራጭ፣ የተቀደደ ጃንጥላ፣ ቆርኪ እለቅማለሁ። ጨርቁን ማዳበሪያ ከረጢት ላይ እየቀጣጠልኩ እጠልፍበታለሁ፤ ቆርኪውን በስቼ በክር አንጠለጥላለሁ። ያ ትልቁ ሥራዬ ከአጥር እስከ አጥር በሽቦ የተወጠረ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሥሩ የሚያልፍበት ነበር። የአገሬን ተራራ ነው የጠለፍኩበት። የግቢው ሰው “ቆራሌዋ መጣች!” እያለ ይስቅብኛል። አንዲት የሥዕል መምህርት ግን አይታው፣ ለዐውደ ርእይ ልትወስደው ተቀጣጥረን ነበር። ሥራዬን ሰው ሲፈልገው የመጀመሪያዬ ነው።

ስደርስ ሽቦው ባዶውን ቀርቷል። አከራዬ ኦቦ ለታ በር ላይ ተቀምጠዋል።

“ምነው ኦቦ፣ ሳይጠይቁኝ?” አልኳቸው።

“ከጎን ሕንፃው ላይ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ፣ ጎንደሬው፣ ድንገት ታሞ ሞተ። ዕድር የለው፣ ዘመድ የለው። ሳጥኑን ራቁቱን ይዘን እንሂድ?”

“ታዲያ አሁን ጨርቁ የታለ?”

“ከሳጥኑ ላይ ሊያነሡት ሲሉ አብሮት ይቀበር፣ ተዉት ያልኩ እኔ ነኝ። የሚያለቅስለት እንኳ አልነበረም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። አፈሩ ሲወርድ የጮኸለት ቆርኪሽ ብቻ ነው።”

 ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

በነጋታው በጸሎት ላሳስበው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ካህኑ “የክርስትና ስሙ ማነው?” አሉኝ። አላውቅም። ተመልሼ ግቢውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ከ“ጎንደሬው” በቀር ስም የሚያውቅለት የለም። ፍትሐት ሲደረግለት ከሥራ ጓደኞቹ አንዱ ስሙን ለቄሱ በጆሯቸው ነግሯቸዋል አሉ። ቄሱ ግን ለሱባኤ የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ ሄደዋል። ሠራተኞቹም እዚህ ሥራው አልቆ ወደ ሱሉልታ ተዛውረዋል፤ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆኑ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔም በዚህ ግቢ “ወሎዬዋ” ነኝ። ያን ዕለት የክርስትና ስሜን ለአስቴር ነገርኳት።

“ምነው፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?” ብላ ሳቀች።

አብሬያት ሳቅሁ። ግን በቃሏ እስክትይዘው ደጋግሜ አስባልኳት።

ዐውደ ርእዩ ቀረ። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው፤ አንዳንድ ቀን ሽቦውን ሳየው ያመኛል። ይበልጥ የሚከብደኝ ግን በጸሎት ሰዓት ነው። ስለ እሱ ልለምን እቆምና ማን ብዬ እንደምጠራው ይጠፋኛል።

በዚያ ቀብር የነበራችሁ፣ አሁን ሱሉልታ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ጨርቁን መልሱልኝ አልልም። ለቄሱ በጆሯቸው የነገርክ አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ወይም ሰው ካነበበልህ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፤ የክርስትና ስሙን ለእኔም ንገረኝ።