የባሕሩ ተርባይንና የእኔ በሬ

ዛሬ የልጅ ልጄ ሄለን ሥራ ያገኘችው በበሬ ምክንያት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ጠዋት ቤቴ መጥታ ለመጨረሻው ኢንተርቪው ስትለማመድ፣ "እማማ፣ ጥልቅ ባሕር ላይ ተንሳፍፎ በነፋስ መብራት የሚያመነጭ ተርባይን ነው ቀጣሪዎቹ የሚሠሩት" አለችኝ።

"ነፋሱ ይዞት ቢሄድስ?"

"ከታች በሰንሰለት ይታሰራል።"

"እንግዲያው ላላ ያርጉለት! በሬም ወጥረው ካሰሩት ወይ ገመዱን ይበጥሳል፣ ወይ ችካሉን ይነቅላል።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ ኤግዛክትሊ!" ብላ ሳመችኝ።

ኢንተርቪው ላይ ይህንኑ ብትነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። አሁን ኮል አድርገው "ሥራው ያንቺ ነው" አሏት።

ፊደል በወጉ ያልቆጠርኩት እኔ ኢንጂነር መከርኩ!

የምንኖርበት ኦሃዮ ባሕር የለ፣ ባሕር ዳር ያለው ሜን ግዛት ድረስ ልትሄድብኝ ነው። ቢሆንም እልል ብያለሁ። መብራት ልትሠራ እኮ ነው!

የእናንተስ የተማሩ ልጆች ምክራችሁን ሰምተው ያውቃሉ? ንገሩኝማ፣ ብቻዬን እንዳልኩራራ።