የሰብለወንጌል የንግድ ፈቃድ

ሰብለወንጌል ባየህ አውሮፕላን ማብረር የፈለገችው ዛሬ አይደለም፤ በዚያስ ልቧ አመንትቶ አያውቅም። ግራ ያጋባት መንገዱ ነው። ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው በየት በኩል እንደሚሄድ ይታወቃል፤ አስተማሪም፣ ቄስም እንደዚያው። አብራሪ ለመሆን ግን ከየት ተነስቶ በየት እንደሚታለፍ ወረታ ላይ በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የማያውቅ ሰው ደግሞ ምክር አይቆጥብም።

ልጅቷ በውሃ ምህንድስና ተመርቃ ከተመለሰች ወዲህ፣ ሥራ እስኪገኝ ብላ እናቷን ወይዘሮ ገላነሽን ሱቅ ውስጥ ታግዛለች። ሱቁ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙን በጋሪ ጭኖ ይመጣል፤ ወይዘሮ ገላነሽ ጥቂት ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበር ያደርጉና ዋጋ ይቆርጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጅ ያሳደጉትም ዩኒቨርሲቲ የላኩትም በዚሁ ሱቅ ነው። ነገ ማን ይረከበዋል የሚለው ሐሳብ ያንገበግባቸው ነበር። ይህንን ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ፤ ለልጃቸው ግን አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

ሰብለወንጌል መጀመሪያ ያማከረችው መምህር ዓለምብርሃንን ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክስ ያስተማሯት ሰው ናቸው። አየር መንገድ ራሱ የሚያሠለጥነውን ጠብቂ አሏት። ማስታወቂያ ያወጣል፣ ትፈተኛለሽ፣ ካለፍሽ በነጻ ያስተምርሻል፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት ታገለግይዋለሽ። ነገሩ ያማረ ነበር። ማስታወቂያው መቼ እንደሚወጣ ግን እሳቸውም አያውቁም። ተፈታኙ እንደ አሸን ነው፣ የሚያልፈው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ዓይን ይመረመራል፣ ቁመት ይለካል። ያን ዕለት ሰብለወንጌል ቤቷ ገብታ ከበሩ መቃን ጋር ቁመቷን ስትለካካ አመሸች።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ትንሳኤ ደግሞ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ይህን ስትሰማ ሳቀችባት። ማስታወቂያ ስትጠብቂ ልታረጂ ነው፤ የግል ማሠልጠኛ ገብተሽ ከፍለሽ ተማሪ አለቻት። መጀመሪያ የግል አብራሪ ፈቃድ ታወጫለሽ፤ ከዚያ የበረራ ሰዓት ትሞያለሽ፤ ሰዓትሽ ሲሞላ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ታወጫለሽ፤ ያን ጊዜ አየር መንገዱ ራሱ ይፈልግሻል። በእርግጥ ይፈልገኛል ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ እንግዲህ እንደ ዕድልሽ ነው አለች ትንሳኤ። ክፍያውን ስትሰማ፣ ሱቁ ከነሩዙ ቢሸጥ ነው የሚበቃው የሚል ሐሳብ በሰብለወንጌል ልብ ሽው አለ። ወዲያው እንዳላሰበች ሆነች።

ሌላው ውጭ አገር ሄደሽ ተማሪ አላት። ሌላዋ መጀመሪያ ሆስተስ ሁኝ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ አብራሪው ወንበር ትሸጋገሪያለሽ አለቻት፤ የታክሲ ረዳት ሾፌር እንደሚሆነው መሆኑ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይላል አገሩ። እሷ ደግሞ አንዱም ዛፍ ላይ ሳትወጣ ከሥር ቆማ ቅርንጫፍ ትቆጥር ነበር።

በታኅሣሥ፣ ሩዝ በሚገባበት ወከባ መሐል፣ ሁለቱም መንገድ በአንድ ሰሞን ተከፈተ። የአየር መንገዱ ማስታወቂያ ወጣ፤ ምዝገባው ባሕር ዳር ነው ተባለ። ትንሳኤም ደውላ፣ የግል ማሠልጠኛው አዲስ ተማሪ እየተቀበለ ነው፣ ቦታ አስይዤልሻለሁ፣ ቁርጡን ንገሪኝ አለቻት። ከእንግዲህ ለእናት ሳይነገር የሚሆን ነገር የለም። አውሮፕላን የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣ አለ። ወይዘሮ ገላነሽ ጣና ላይ በጀልባ ለመሳፈር እንኳ ስለት የሚሳሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ የጆንያ አፍ እየሰፋች ነገሩን ከዳር ከዳር ነካካችው። ሥልጠና ልገባ ነው፣ መጀመሪያ የግል ፈቃድ አለ፣ ከዚያ ሰዓት ይሞላል፣ በመጨረሻ የንግድ ፈቃድ አወጣለሁ አለች።

ወይዘሮ ገላነሽ የሰዓቱ ነገር አልገባቸውም። እሳቸው የሚያውቁት የሚሞላ ሰዓት የግድግዳውን ነው። የቀረው ግን ከልባቸው ጠብ አለ። የራሳቸው የንግድ ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል፤ በየዓመቱ ሲያሳድሱት ኖረዋል።

«የንግድ ፈቃድ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እማየ።»

«በስምሽ?»

«በስሜ ነዋ። በማን ሊሆን ነው?»

እናትየዋ ሌላ አልጠየቁም። መርፌውን ከእጇ ተቀብለው ጆንያውን ራሳቸው ሰፉት። ሰብለወንጌል እናቴ ያለ ነገር ተስማማች ብላ ተደነቀች። ደስ ሊላት ሲገባ ይብስ ግራ ተጋባች፤ እንዲህ ቀላል ከነበረ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስትፈራ ኖረች?

በማግሥቱ ባሕር ዳር ሄደች። ሰልፉን ልየው ብላ እንጂ እመዘገባለሁ ብላ አልነበረም። ከፊቷም ከኋላዋም የቆመው ሁሉ የሚያደርገውን የሚያውቅ ይመስላል። እሷ ብቻ ልውጣ ልቁም እያለች ሳለ ተራዋ ደረሰና ተመዘገበች። ፈተናውን ያለፈ ሰው ደመወዝተኛ ወይም የንግድ ፈቃድ ያለው ዋስ እንደሚያቀርብ ተነገራቸው፤ እሱስ አያሳስብም፣ እናቴ አለች ብላ አለፈችው። ስትመለስ መኪናው ሐሙሲት ላይ ሲቆም ደግሞ ለትንሳኤ ደውላ የግሉንም ቦታ እንዳትለቅባት ለመነቻት። ሁለቱንም ጨበጠች ማለት ነው፤ አንዱንም አልመረጠችም ማለትም ነው።

ወረታ መናኸሪያ ስትወርድ ባጃጅ ነጂው እንኳን ደስ ያለሽ አላት። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በመስኮት እጇን አውለበለበችላት። ጎረቤታቸው እትዬ አማከለች ከደጃፋቸው ብድግ ብለው ደጋግመው ሳሟትና፣ እሰይ፣ እናትሽን አሳረፍሻት አሏት። ሰብለወንጌል ደነገጠች። መመዝገቧን ማን ነገራቸው? ምዝገባስ ይህን ያህል የሚያስመሰግን ነገር ነው እንዴ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ የሰማውን የራሷን ወሬ እሷ አልሰማችም ነበር።

ሱቁ ጋ ስትደርስ ታፔላ ጻፊው መሰላል ላይ ወጥቷል። «ገላነሽ የሩዝ መሸጫ» የሚለውን በነጭ ቀለም ሸፍኖ ጨርሶ፣ በላዩ ላይ «ሰብለወ» ድረስ ጽፏል። እናቷ ከሥር ቆመው ፊደሉን አስፋው እያሉ ያዙታል።

ወይዘሮ ገላነሽ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ነበር። ለአንድ ሱቅ ሁለት ፈቃድ አይሆንም ስለተባሉ የራሳቸውን መልሰው መጡ፤ የቀረው ነገ ልጅቷ ሄዳ በስሟ ማውጣት ብቻ ነው። ይህን ሲናገሩ ከሚዛኑ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶውን ይታይ ነበር።

ሰብለወንጌል ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች፤ አውሮፕላኑን፣ መምህሩን፣ ትንሳኤን፣ ምዝገባውን። እናቷ እስክትጨርስ አዳመጡ።

«አውሮፕላን ይነገድበታል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰው ይጫንበታል፣ እማየ። በክፍያ ሰው ለመጫን የሚያበቃው ነው የንግድ የሚባለው።»

«እንደ አውቶቡስ።»

«እንደ አውቶቡስ።»

ከዚያ ወይዘሮ ገላነሽ ተቆጡ። ስለ መብረሩ መስሏት ነበር፤ እሱ አልነበረም። «ለአስተማሪው ነግረሻል፣ አዲሳባ ላለችው ነግረሻል» አሉ። «ለእኔ ለምን በቁንጽሉ?» ሰብለወንጌል አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። ታፔላ ጻፊው ከላይ ሆኖ ልቀጥል ወይስ ልውረድ ብሎ ጠየቀ።

ንዴታቸው በረድ ሲል እናትየዋ ለመሆኑ በየትኛው መንገድ ነው የምትሄጅው አሏት። አላውቅም አለች። ፈተናው ዕድል ነው፣ የግሉ ገንዘብ ነው ብላ አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ገላነሽ ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያ ሱቁ ይሸጥ፣ ፈቃዱን እንደሆን መልሼዋለሁ አሉ። የተናገሩት አንድ ጆንያ ሩዝ እንደሚሸጥ ሰው ረጋ ብለው ነው። ሰብለወንጌል ለራሷ እንኳ ደፍራ ያልተናገረችውን ሐሳብ ከእናቷ አፍ ሰማች። እናቷ ያለዚህ ሱቅ ጠዋት ተነስተው ወዴት እንደሚሄዱ ለማሰብ ሞከረች፤ የትም ሲሄዱ አልታያትም። የትኛው መንገድ እንደሚያደርስ አሁንም አታውቅም፤ ፈተናውን ማለፏንም አታውቅም። ይህን ሱቅ አስበልታ መብረር ግን አትችልም፤ ከዚያ ሁሉ ግርታ መሐል የጠራላት ይሄ ብቻ ነበር።

አይሸጥም አለች። ፈተናውን እፈተናለሁ፣ ካለፍሁም ዋስ የምትሆኝኝ አንች ነሽ፣ ለዚያ ደግሞ ፈቃድሽ መመለስ አለበት አለቻቸው። ብትወድቂስ ሲሏት፣ እሱንም አላውቅም አለች። ወጥታ ለትንሳኤ ደወለችና ቦታውን ለሌላ ሰው እንድትሰጠው ነገረቻት፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ልክ ይሁን ስህተት እያሰላሰለች ደጃፉ ላይ ቆየች። ታፔላ ጻፊው የጻፈውን መልሶ በነጭ ቀለም ሸፈነው።

በማግሥቱ እናትና ልጅ አብረው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ጸሐፊው ግራ ገባው። ትናንት በፈቃድዎ የመለሱትን ዛሬ ለምን ፈለጉት፣ ምክንያቱን ልጻፍበት አላቸው። ሰብለወንጌል ስለ ግሉ ፈቃድና ስለ ንግዱ ፈቃድ ልታስረዳው ጀምራ ተንተባተበች፤ እሱም ይብስ ተምታታበት። ወይዘሮ ገላነሽ እጇን ይዘው ዝም አሰኟትና ወደ ጸሐፊው ጠጋ አሉ።

«ልጀ፣ ትናንት የመለስሁት ትቀርልኛለች ብየ ነበር» አሉት። «ዛሬ የምወስደው ዋስ ሆኛት እንድትሄድ ነው።»